ልጆች ቤት እያሉ መቼ ይሰፋል? በ30 ሩብ ሰዓት የሚያልቅ የእራፊ ብርድ ልብስ

የሚመጣልን ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «መኪናው አለኝ፣ ጨርቁም ተቆልሏል፣ ግን ልጆቹ እያሉ መቼ ልስፋ?» ጠያቂዋ የደሴም ትሁን የወልዲያ፣ አንድ ልጅ ይኑራት አራት፣ ጥያቄው አይለወጥም። በአንድ መስመር የሚመለስ ስላልሆነ ከጊዜው አያያዝ እስከ ጠርዙ ቅምቅማት እዚህ በዝርዝር አስቀምጠነዋል።

ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ሁለት ሰዓት ሙሉ ባዶ ጊዜ አይጠበቅም። ሩብ ሰዓት ግን ይገኛል፤ በቀን አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ። ስለዚህ ረጅም ጊዜ ከመጠበቅ ሥራውን ሩብ ሰዓት በሚበቃው መጠን መቆራረጥ ይሻላል። ሰፌድ የምትሰፋ ሴት ይህን ታውቀዋለች። ሰፌድ በአንድ ቀን አያልቅም፤ ቡናው እስኪፈላ አንድ ዙር ይሰፋል፣ ወስፌው እንደተሰካ ይቀመጣል፣ በማግስቱ ከዚያው ይቀጥላል። የጨርቁንም ሥራ እንዲሁ እናደርገዋለን።

ማሳያችን 90 በ120 ሳንቲ ሜትር የሆነ የልጅ ብርድ ልብስ ነው። እናቶቻችን ድሪቶ ይሉታል፤ የኛ የሚለየው እራፊዎቹ በእኩል ልክ በመቆረጣቸው ነው። ለመጀመሪያ ሥራ ከቀሚስ ይልቅ ይህን እንመክራለን። አንድ አራት ማዕዘን ብታበላሺ አንድ እራፊ ነው የጠፋው፤ የቀሚስ እጅጌ ብታበላሺ ግን ቀሚሱ ይቆማል። ሁሉም ስፌት ቀጥ ያለ ስለሆነ ልጅ ጠርቶሽ ተነሥተሽ ስትመለሺም «የት ነበርኩ?» ብለሽ አትቸገሪም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 48 እራፊ፣ እያንዳንዱ 17 በ17 ሳንቲ ሜትር። አንድ የወንድ ሸሚዝ ከጀርባው 9፣ ከሁለቱ እጅጌዎች ደግሞ 4 ያህል ያወጣል፤ 4 አሮጌ ሸሚዝ ይበቃል። ከገበያ ሰፊዎች ቁራጭ የምትለምኚ ከሆነ ከ20 ሳንቲ ሜትር ያላነሰውን ብቻ ውሰጂ።
- ለጀርባው 105 በ135 ሳንቲ ሜትር አቡጀዲ ወይም ያረጀ የጥጥ አንሶላ።
- ለመሃሉ በዚያው ልክ ስስ ብርድ ልብስ ወይም አሮጌ ጋቢ። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ፈትተሽ ሁለቱን ድርብ ብቻ ተጠቀሚ፤ አራቱም ከገባ መርፌው ይሰበራል። ለወረኢሉ፣ ለደላንታና ለኩታበር ብርድ ስሱ ብርድ ልብስ ይሻላል። ለባቲ፣ ለሐርቡ ወይም ለቆቦ ሙቀት ግን የመሃሉን ጨርሶ ተዪውና በጀርባው ብቻ ሥሪ።
- የስፌት መኪና (በእግር የሚረገጥም በኤሌክትሪክም ይሆናል) እና 90 ቁጥር የመኪና መርፌ 2፤ አንዱ መጠባበቂያ ነው።
- ከጨርቆቹ ጋር የማይጣላ ቀለም ያለው ክር 2 ጥቅል። ግራጫ ወይም ክሬም ከብዙ ቀለም ጋር ይስማማል።
- ለቋጠሮው ወፍራም የጥጥ ክር፣ ትልቅ የእጅ መርፌ፣ 12 ስፒል፣ 48 መርፌ ቁልፍ።
- መቀስ፣ ሜትር፣ ማስመሪያ፣ ጠመኔ ወይም የደረቀ የሳሙና ስባሪ፣ ካርቶን፣ ፕላስተር፣ ካውያ።
- ክዳኑ አጥብቆ የሚዘጋ የብስኩት ቆርቆሮ አንድ፣ አፉ የሚታሰር ከረጢት አንድ።

መጀመሪያ ጊዜውን ማግኘት

1. ሦስት ቀን ክፍተት መዝግቢ። ሁለት የሥራ ቀንና አንድ የገበያ ቀን ይሁን። አሥር ደቂቃና ከዚያ በላይ እጅሽ ባዶ የሆነበትን ሰዓት ሁሉ ጻፊ፤ አጠገቡም አንድ ፊደል አድርጊ፦ ልጆቹ ከተኙ «ተ»፣ ነቅተው እየተጫወቱ ከሆነ «ነ»፣ ትምህርት ቤት ወይም ቁርአን ሊቀሩ ከወጡ «ወ»። በግምት ሳይሆን በጽሑፍ ማድረጉ የሚጠቅመው፣ ሲታሰብ ቀኑ ሁሉ የተያዘ ስለሚመስል ነው። ሲጻፍ ግን አንድ ክፍተት በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ብቅ ሲል ታይዋለሽ። ብዙ ጊዜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ሕፃኑ ሲያሸልብ፣ ወይም ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ላይ ቡናው ከመቅረቡ በፊት ነው። ከሦስቱ ቀን በሁለቱ የታየውን ክፍተት ብቻ ያዢ፤ አንዴ ብቻ የታየው እንግዳ ነውና አትመኪበት።

መርፌ የማትይዢባቸውን ቀኖች ከሂሳቡ አውጪ። ሰንበትን፣ ሚካኤልን በ12፣ ማርያምን በ21፣ በዓለ ወልድን በ29 የምታከብሪ ከሆነ የሚቀርሽን ቀን አስቀድመሽ ቁጠሪ፤ ለእንቁጣጣሽ አደርሳለሁ ብለሽ የጀመርሽው ሳያልቅ እንዳይቀር። ረመዳን ሲገባም የከሰዓቱ ክፍተት ወደ ማፍጠሪያው ዝግጅት ስለሚሄድ ሦስቱን ቀን እንደገና መዝግቢ።

2. ሥራውን በሦስት ክፈዪ። ይህ ካልተደረገ የተገኘው ጊዜ ይባክናል።

- ስለትና እሳት፦ መቁረጥ፣ መተኮስ፣ በመኪና መስፋት። የሚሠራው በ«ተ» እና በ«ወ» ብቻ ነው።
- የእጅ መርፌ፦ መቋጠርና ጠርዝ መቀምቀም። «ነ» ላይ፣ ልጆቹ አጠገብሽ ሲጫወቱ ይሠራል።
- ባዶ እጅ፦ ቀለም መለየት፣ መደርደር፣ መቁጠር። ይህ ከልጆቹ ጋር አብሮ ይሠራል።

ከሁሉ የከፋው ብክነት ልጆች ሲተኙ የእጅ ስፌት ይዞ መቀመጥ ነው። ልጅ የተኛበት ሰዓት ውድ ስለሆነ ለመቀስና ለመኪና ይቀመጥ። የእጁ ሥራ ልጅ ቢነቃም ይሠራል።

3. ቆርቆሮውንና ከረጢቱን ለዪያቸው። ቆርቆሮው ውስጥ መቀስ፣ ስፒል፣ የመኪና መርፌና ካርቶኑ ይገባሉ፤ ቦታውም ከመሬት 1 ሜትር ተኩል በላይ፣ ልጅ ወንበር ጎትቶ የማይደርስበት ይሁን። ከረጢቱ የእጅ ሥራ ብቻ ይይዛል፦ አንድ መርፌ፣ ክር፣ የዕለቱ ቁራጭ። ጎረቤት ቡና ስትጠሪ ይዘሽው የምትሄጂው ይህን ነው። ከአቦሉ እስከ ቶናው ያለው ጊዜ ብቻውን አንድ ሩብ ሰዓት ይሆናል። ቡናውን የምታፈዪው አንቺ ከሆንሽ ግን መርፌውን ተዪው፤ ከሰልና ጀበና ባለበት ሁለት ሐሳብ አይያዝም።

4. ሰዓቱ ሳይሞላ አቁሚ። ስልክሽን በ12 ደቂቃ እንዲጮህ አድርጊ፤ የቀረው 3 ደቂቃ የማቆሚያ ነው። የያዝሽውን መስመር ጨርሺ፤ ስፒሎቹን ቁጠሪ፣ 12 መሆናቸውን ሳታረጋግጪ አትነሺ፤ መቀሱን ወደ ላይ መልሺ። ከዚያ በቁራጭ ወረቀት የሚቀጥለውን አንድ ሥራ ጽፈሽ ከጨርቁ ላይ አያይዢ፦ «7ን ከ8 ጋር»። ይህች ወረቀት ከምታስቢው በላይ ትጠቅማለች። ያለሷ የማግስቱ ሩብ ሰዓት ግማሽ «የት ደርሼ ነበር?» በሚል ያልቃል። ልጅ አልቅሶ ድንገት ብትነሺ ደግሞ ቢያንስ መቀሱንና ስፒሉን ይዘሽ ተነሺ፤ ጨርቁ እዚያው ይቆይ።

5. ከጎረቤት ጋር ወንፈል ግቢ። እርሻው ላይ ጉልበት እንደሚበዳደሩት ሁሉ እዚህ የሚበደረው የልጅ ጥበቃ ነው። አንድ ቀን የሷን ልጆች አንቺ ለአንድ ሰዓት ትይዢያለሽ፣ በሌላ ቀን ያንቺን እሷ ትይዛለች። ለዚህ ብርድ ልብስ ሙሉ ሰዓት የሚጠይቅ አንድ ሥራ ብቻ አለ (ከታች ቁጥር 10)፤ የወንፈሉን ሰዓት ለሱ አቆዪው። ለዚህ ብለሽ ትልቋን ልጅ ከጥናቷ አስነሥተሽ ሞግዚት አታድርጊያት። አንድ ቀን ትረዳሻለች፣ በሦስተኛው ቀን ስፌቱን ትጠላዋለች።

አሁን ሥራው

6. እጠቢ፣ ለዪ። ጨርቁን ሁሉ፣ አዲሱንም ጭምር፣ ከመቁረጥሽ በፊት እጠቢ። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፤ ያልታጠበውን ከታጠበው ጋር ከሰፋሽው ብርድ ልብሱ ሲታጠብ እዚህም እዚያም ይኮማተራል። ቀይና ጥቁር ጨርቅን ለብቻ ፈትሺ፦ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጥጉን እሺው፤ ነጩ ቀለም ከያዘ ያ ጨርቅ ቀለሙን ለቆ እስኪያበቃ ደጋግሞ ይታጠብ፣ አለዚያ ይቅር። የሚለጠጥ ጨርቅ፣ ማለትም ቲሸርትና ሹራብ፣ አታስገቢ። በክረምት ጉም ጨርቅ ደርቆ ሲመስል ውስጡ እርጥብ ነው፤ በጉንጭሽ ነክተሽ ከቀዘቀዘሽ አልደረቀምና አትቁረጪ።

በዚያው ሰሞን አንድ ሩብ ሰዓት ለመኪናው ስጪ። ቢያንስ 4 ቦቢን ሙዪ፣ አዲስ መርፌ አስገቢ፣ አንዳንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አድርጊበት። የምግብ ዘይት ሲቆይ ሙጫ ሆኖ መኪናውን ያስራል። በመጨረሻም ጨርቁ ከሚያልፍበት ብረት ላይ፣ ከመርፌው ጫፍ በስተቀኝ ልክ 1 ሳንቲ ሜትር ለክተሽ ፕላስተር ለጥፊ። የጨርቁ ጠርዝ ይህን ፕላስተር እየታከከ ከሄደ ስፌትሽ ሁሌ እኩል ይሆናል። ቦቢን ቀድሞ መሙላት ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን በሩብ ሰዓት መሃል ቦቢን ያለቀባት ሰው ያን ቀን ምንም አትሰፋም።

7. ልኩን ሥሪና ቁረጪ (2 ሩብ ሰዓት ለማስመር፣ 4 ለመቁረጥ)። ካርቶኑን 17 በ17 አድርገሽ ቁረጪ። ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ለኪው፤ በሁለቱም በኩል 24 ሳንቲ ሜትር ካልመጣ ካርቶኑ ጠሟል ማለት ነው፣ ሌላ ሥሪ። ዙሪያውን በፕላስተር ሸፍኚው፤ ያለዚያ ከ20 ማስመር በኋላ ጠርዙ ይበላና ልኩ ይቀንሳል። ካርቶኑን በጨርቁ ክር አቅጣጫ አስቀምጠሽ በሳሙናው አስምሪ። ሰያፍ ካስቀመጥሽው ቁራጩ ሲሰፋ ይለጠጣል። በአንድ ሩብ ሰዓት 24 ማስመር፣ በሌላው 12 መቁረጥ በቂ ነው። ድርብ አድርገሽ አትቁረጪ፤ የታችኛው ይንሸራተታል። መብራት በጠፋ ማታ በሻማ ጥቁር ጨርቅ መቁረጥም ይቅርብሽ፤ መስመሩ አይታይም።

8. ደርድሪና ቁጥር ስጪ (1 ሩብ ሰዓት)። ምንጣፍ ላይ ወደ ጎን 6፣ ወደ ታች 8 አድርገሽ ዘርጊ። ይህን ለልጆቹ ተዪላቸው። ሁለት አንድ ዓይነት ቀለም ጎን ለጎን እንዳይገናኝ የሚለውን ሕግ የአምስት ዓመት ልጅ ይረዳዋል፤ አለመገናኘቱን መቆጣጠርም ይወዳል። ሲያልቅ በስልክ ፎቶ አንሺ፣ ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ ከ1 እስከ 48 በትንንሽ ወረቀት ቁጥር ስጪያቸው። ሳትቆጥሪ ካነሣሽው የልጆቹም ድካም ይጠፋል።

9. ግጠሚ (ለስፌቱ በድምሩ 8 ሩብ ሰዓት፣ ለመተኮሻ ሌላ 3)።

ሀ. ጥንድ ጥንድ፦ 1ን ከ2፣ 3ን ከ4፣ 5ን ከ6፣ ቀሪውንም እንዲሁ። መልኩን (የሚታየውን ፊት) ከመልኩ አጋጥመሽ በ1 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ስፊ። አንዱን ጥንድ ስትጨርሺ ክሩን አትቁረጪ፤ ሁለት ሦስት ስፌት በባዶው አስኪጅና ቀጣዩን ከእግሩ ሥር አስገቢ። ጥንዶቹ እንደ ዶቃ ተያይዘው ይወጣሉ። ክር ለመቁረጥና ለመጀመር የሚጠፋው ጊዜ ይተርፋል፣ ልጅ ቢጠራሽም የተሰፋው አይበታተንም። በሩብ ሰዓት 8 ጥንድ ያዢ፤ 24ቱ በሦስት ያልቃሉ።

ለ. አራት አራት፦ 1-2ን ከታቻቸው ካሉት 7-8 ጋር። የላዩን ትርፍ ወደ ግራ፣ የታችኛውን ወደ ቀኝ አጥፈሽ ተኩሺ፤ ሁለቱ እጥፋቶች ሲገናኙ እርስ በርስ ይቆለፉና ጥጋቸው በትክክል ይገጥማል። የተገጠመው 32 በ32 ሳንቲ ሜትር መምጣት አለበት። ለኪው። እዚህ ላይ መለካት ያታክታል፣ ግን ስህተት በርካሽ የሚታረመው እዚህ ብቻ ነው። በአንድ ስፌት 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሳትሽ በ5 ስፌት 1 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ያኔ ረድፎቹ አይገጥሙም።

ሐ. 12ቱን አራት አራት ሦስት ሦስት አድርገሽ 4 ረድፍ አውጪ፤ ከዚያ 4ቱን ረድፍ በ3 ረጅም ስፌት አገናኚ። ረጅሙን ስፌት ከመጀመርሽ በፊት መጋጠሚያዎቹን ብቻ በስፒል ያዢ። ውጤቱ 92 በ122 ሳንቲ ሜትር ነው። የዙሪያው 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል በጠርዙ ሥር ስለሚገባ 90 በ120 ገደማ ይታያል።

መኪና ከሌለሽ የእጅ ስፌትም ይሆናል፦ 3 ሚሊ ሜትር በሆነ ጥቃቅን ስፌት፣ በየአምስተኛው ወደ ኋላ አንዴ መልሰሽ። በሩብ ሰዓት አንድ ወይም ሁለት ጥንድ ይወጣል። ይረዝማል፣ ግን ሁሉንም «ነ» ላይ መሥራት ትችያለሽ።

10. ሦስቱን ድርብ አንድ አድርጊ (1 ሙሉ ሰዓት፣ በወንፈሉ ቀን)። ይህ ሥራ አይቆራረጥም። ግማሹ ተዘርግቶ ልጅ ከረገጠው ይሸበሸባል፤ ሽብሽቡ ደግሞ እስከ መጨረሻው ይቀራል። ወለሉን ጥረጊ። የጀርባውን ጨርቅ መልኩን ወደ ታች አድርገሽ ዘርጊና አራቱንም ጎን በፕላስተር ከወለሉ ጋር ያዢ፤ ይወጠር እንጂ አይለጠጥ። በላዩ የመሃሉን፣ ከዚያ የተገጣጠመውን መልኩን ወደ ላይ አድርገሽ አንጥፊ። ሁለቱም የበታች ጨርቆች በየጎኑ ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ይተርፉ። ከመሃል ወደ ዳር በመዳፍሽ እየዳበስሽ ሽብሽቡን አስወጪ። ከመሃል ጀምረሽ በየአራት ማዕዘኑ እምብርት አንድ መርፌ ቁልፍ፣ በድምሩ 48 አድርጊበት። መርፌ ቁልፍ ካላገኘሽ በወፍራም ክር በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ረጃጅም ጊዜያዊ ስፌት ጣዪበት፤ በኋላ ይነቀላል። ከዚህ በኋላ ተጠቅልሎ ከረጢት ውስጥ ቢገባም አይንሸራተትም።

11. ቋጥሪ (7 ሩብ ሰዓት)። አራት ጥግ የሚገናኙባቸው 35 ነጥቦች አሉ፤ በአንድ ሩብ ሰዓት 5 ቋጠሮ። ወፍራሙን ክር ከላይ ወደ ታች አስገብተሽ በ5 ሚሊ ሜትር ርቀት መልሰሽ አውጪ፣ አንዴ ድገሚው። ከዚያ ቀኙን በግራ ላይ፣ ቀጥሎ ግራውን በቀኝ ላይ አድርገሽ ቋጥሪ። ሁለቱንም ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ካደረግሽው በእጥበት ይፈታል። ጫፉን 2 ሳንቲ ሜትር አስቀርተሽ ቁረጪ፤ አሳጥረሽ ከቆረጥሽው ሾልኮ ይወጣል። የልጁ አፍ ሁሉን የሚቀምስበት ዕድሜ ላይ ከሆነ ቋጠሮውን ተዪና በነጥቡ ላይ 4 ጊዜ መስቀለኛ ስፌት ሰፍተሽ ክሩን በድርቡ መሃል ደብቂው። በመሃሉ ያስገባሽው ብርድ ልብስ ሳይሆን የተነደፈ ልቅ ጥጥ ከሆነ የ15 ሳንቲ ሜትሩ ርቀት ይበዛበታል፤ በየ7 ሳንቲ ሜትሩ ካልያዝሽው ጥጡ ጥግ ላይ ይከማቻል።

12. ጠርዙን ቀምቅሚ (4 ሩብ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ ጎን አንድ)። የመሃሉን ጨርቅ ከላዩ ጋር እኩል ቁረጪ። የጀርባውን ግን 3 ሳንቲ ሜትር አስቀርተሽ ቁረጪ። እዚህ ላይ እጅ የሚስተው የጀርባውን አብሮ በመቁረጥ ነውና ከመቁረጥሽ በፊት አጥፈሽ በስፒል ያዢው። የተረፈውን 3 ሳንቲ ሜትር ለሁለት አጥፊ፦ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ሌላ 1 ተኩል ወደ ላይኛው ፊት። በእጅ ዘምዝሚው ወይም በመኪና ዳር ዳሩን ስፊ። በመጨረሻ 48ቱን መርፌ ቁልፍ ቆጥረሽ አውጪ።

ሲደመር 30 ሩብ ሰዓትና አንድ ሙሉ ሰዓት ነው። በሳምንት አምስት ክፍተት ካለሽ በስድስት ሳምንት ያልቃል፤ ሦስት ብቻ ካለሽ በአሥር። ለአረፋም ሆነ ለገና የምታስቢው ከሆነ ከበዓሉ ወደ ኋላ ቆጥረሽ፣ ለሕመምና ለእንግዳ ሁለት ሳምንት ጨምረሽ ጀምሪ።

ልጆቹ ምን ይሥሩ?

ከ3 ዓመት በታች ላሉት ትልልቅ እራፊዎችን በዘንቢል ስጪያቸው፤ ማስገባትና ማውጣት ይበቃቸዋል። ቁልፍና ቦቢን አትስጪ፣ ይዋጣል። ከ3 እስከ 5 ላሉት ካርቶን ላይ በ2 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ቀዳዳ አብጂና የጫማ ማሰሪያ ስጪያቸው፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ እያሳለፉ «ይሰፋሉ»። ከ6 እስከ 8 ያሉት ቁጥር ያነብባሉ፣ «ቀጥሎ 13 እና 14» እያሉ ያቀብሉሻል፤ ይህ ለነሱ ጨዋታ፣ ላንቺ ግማሽ ጊዜ ማትረፊያ ነው። ከ9 በላይ የሆነው ልጅ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ጫፉ ደነዝ በሆነ የሱፍ መርፌ ቋጠሮ መቋጠር ይችላል። ስለታሙ መርፌ ከዚያ በኋላ ይደርሳል፤ መኪናው ላይ ግን አጠገቡ ሳትቆሚ አታስቀምጪው።

ማስጠንቀቂያ

- ከመኪናው ስትነሺ፣ ለደቂቃም ቢሆን፣ የሚረገጥ ከሆነ ቺንጋውን ከጎማው አውልቂ፤ የኤሌክትሪክ ከሆነ ሶኬቱን ንቀዪ። አንዱ ልጅ ሲረግጥ የሌላው ጣት በቺንጋውና በጎማው መካከል ይገባል።
- የተሰበረ መርፌ ስባሪው ሁሉ ሳይገኝ ልጅ ወለሉ ላይ አይውረድ። በማግኔት ፈልጊ።
- የከሰል ካውያ በተዘጋ ቤት አትጠቀሚ። የደሴ ብርድ በር ያዘጋል፣ የከሰል ጭስ ግን ሽታ ሳይኖረውም ይገድላል። በረንዳ ላይ ተኩሺ። ካውያ በሌለበት ቀን መጋጠሚያውን በጠርሙስ ጎን አጥብቀሽ ብትጫኚው ለጊዜው ይበቃል።
- ክር ወለል ላይ አይቅር፤ በሕፃን ጣት ላይ ከተጠመጠመ ደም ያቆማል።
- ብርድ ልብሱን ከ1 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ሲተኛ አታልብሺው፤ ፊቱ ላይ ወጥቶ ትንፋሹን ሊያፍን ይችላል። ሲነቃ ከሥሩ ይነጠፍለት።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

ከታች ክር ይጎነጎናል፦ ብዙ ጊዜ ችግሩ ከታች ሳይሆን ከላይ ነው። ጨርቅ የሚጫነው እግር ወርዶ እያለ የላዩ ክር ከገባ አይወጠርም። እግሩን አንሥተሽ ክሩን ከመጀመሪያው አስገቢ፤ ስትጀምሪም ሁለቱን ጫፍ ለሁለት ሦስት ስፌት ያዢ።

የሚረገጠው መኪና ክር ይበጥሳል፦ ጎማው ወደ ኋላ እየዞረ ነው። ከመርገጥሽ በፊት በእጅሽ ጎማውን ወደ ራስሽ አዙሪው፣ እግርሽ ከዚያ ይከተል። ከሩብ ሰዓቱ ላይ ሁለት ደቂቃ ለባዶ መርገጥ ብታውይ አይቆጭም።

ጥጎቹ አይገጥሙም፦ ፕላስተሩ ተንቀሳቅሶ ይሆናል፣ ወይም ጨርቁን ጎትተሽዋል። መኪናው ራሱ ይሳበው፤ እጅሽ ይምራው ብቻ። ልዩነቱ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ አትፍቺው፤ ሲታጠብ ይጠፋል። ከዚያ በላይ ከሆነ መጋጠሚያውን ብቻ በግራና በቀኝ 3 ሳንቲ ሜትር ፍቺና እንደገና ስፊ፤ ሙሉውን መስመር መፍታት አያስፈልግም።

ሦስት ሳምንት ተሠርቶ ይቆማል፦ አብዛኛውን ጊዜ ከረድፎቹ በኋላ፣ ቁጥር 10 ላይ ነው። የሚጠፋውም ፍላጎት ሳይሆን ያ አንድ ሙሉ ሰዓት ነው። ስለዚህ የወንፈሉን ቀን አራቱ ረድፎች ከማለቃቸው ከሳምንት በፊት ከጎረቤትሽ ጋር ቁረጪ፤ የሷን ልጆች ቀድመሽ አንቺ ያዢላት፣ ያን ጊዜ ያንቺ ተራ አይቀርም።

በመጀመሪያው እጥበት ቋጠሮ ይፈታል፦ የተፈታውን ነጥብ ወዲያው እንደገና ቋጥሪው፤ ከቆየ በእርጥቡ ክብደት ጎረቤቱን ይስበዋል። ብርድ ልብሱን በቀዝቃዛ ውሃ እጠቢ፣ አትጠምዝዢው፣ በሁለት ገመድ ላይ አግድመሽ አስጪው። በአንድ ገመድ ከተሰጣ ውሃው ሁሉ ወደ ታች ወርዶ መሃሉን ያረዝመዋል።